ሰዓቴ ተኝተሃል ይላል

ድሮ ሰው ተኝቶ ማደሩን የሚመሰክሩለት ሁለት ነበሩ፤ ራሱና አብሮት የተኛው። ሁለቱ ካልተስማሙ ጠዋት በር ላይ የሚያገኘው ጎረቤት ዓይኑን አይቶ ይፈርዳል። «ምነው፣ አልተኛህም እንዴ?» ካለ አበቃ፣ ይግባኝ የለውም። አሁን ግን ሦስተኛ ምስክር መጥቷል። እጅ አንጓ ላይ ይታሰራል፣ ከሥሩ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ያደርጋል፣ ጠዋት ሲነሡ አዳርዎን በቀለም በቀለም ለይቶ፣ ከመቶ ነጥብ ሰጥቶ ያቀርባል።

የኔን የላከችልኝ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት። እዚያ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ናት፤ ቀን ደግሞ ሌላ ሥራ አላት። እንቅልፍ ስለሌላት ስለ እንቅልፍ ብዙ ታውቃለች። የራሷ ሰዓት በሁለቱ ሥራ መሐል የምትሰርቃትን እንቅልፍ እንኳ በደረጃ አይከፍልላትም፤ ከሦስት ሰዓት ካነሰ ለመተንተን አይበቃም ይላታል። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጠችም። «አንተ ምንህንም አትከታተልም፣ ቢያንስ እንቅልፍህን ተከታተል» ብላ ሰው ሲመጣ ላከችልኝ። ለአዲስ አበባ ዘመዶቿ ሁሉ ቫይታሚን ነው የላከችው፤ ለኔ ብቻ ነው ተቆጣጣሪ የላከችው።

እናቴ እንደ ልማዷ ጠዋት ደወለች።

«እንዴት አደርክ?»

«61።»

«ምን?»

«61፣ ከመቶ።»

ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ማን ነው የሰጠህ?»

«ሰዓቱ ነው እማዬ። እንቅልፌን ለክቶ ነው።»

«እና ወደቅክ ወይስ አለፍክ?»

ይህን ለመመለስ መተግበሪያውን ከፈትኩ። «መካከለኛ» ይላል። ምክርም አለው፤ በየቀኑ 10:00 ላይ ብተኛ መልካም መሆኑን ይገልጻል። አነበብኩላት።

«በአሥር ሰዓት? ከብት ሳይገባ?»

ሰዓቱ የሚያስበው በፈረንጅ እንደሆነ፣ አሥር ማለቱ የማታ አራት ሰዓት ማለቱ እንደሆነ አስረዳኋት። «ሰዓት የማያውቅ ሰዓት ስለ እንቅልፍህ ምን አውቆ!» አለችና ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ዘይት ዋጋ ተሻገረች።

ምን አውቆ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰዓቱ የሚያውቀው በዋናነት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው እጄ መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱን ነው፤ ይህን የሚነግረው አክስለሮሜትር የሚባል፣ ስልካችንን ስናጋድመው ስክሪኑን አብሮ የሚያጋድመው ዓይነት ጥቃቅን መሣሪያ ነው። ሁለተኛው የልብ ምቴ ነው። አረንጓዴው ብርሃን ወደ ቆዳ ይገባል፤ ደም ደግሞ አረንጓዴ ብርሃን ይመጥጣል፤ ልብ በመታች ቁጥር በሥሩ የሚያልፈው ደም ስለሚጨምር ተመልሶ የሚወጣው ብርሃን ይቀንሳል። ሰዓቱ ያችን መቀነስ እየቆጠረ «ልብህ በደቂቃ ይህን ያህል መታች» ይላል። አንዳንዶቹ የቆዳ ሙቀትና የደም ኦክስጅን ይጨምሩበታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ስሌት ነው፤ እጁ አልተንቀሳቀሰም፣ ልቡ ረጋ ብላለች፣ እንግዲህ ተኝቷል።

እንቅልፍ ግን የእጅ ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 (ዓመቱንም እንደ ሰዓቱ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ ለምጄዋለሁ) ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን የተባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አሳተሙ። የተኛ ሰው ዓይን ከቆቡ ሥር በየተወሰነ ጊዜ ወዲያ ወዲህ ይሯሯጣል፤ በዚያች ሰዓት የተቀሰቀሰ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሕልም እያየሁ ነበር ይላል። አሰሪንስኪ ገና ሲጀምር ሽቦ የለጠፈው በገዛ ልጁ ዓይን ዙሪያ ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ሲባል ቤተሰብ የማይከፍለው ዋጋ የለም። ከዚያ ወዲህ የእንቅልፍ ደረጃ የሚለየው በአንጎል ሞገድ፣ በዓይን እንቅስቃሴና በአገጭ ጡንቻ መላላት ሆነ። ሰዓቴ ከሦስቱ አንዱንም አያይም። ዓይኔ መሯሯጡን እጄ ላይ ተቀምጦ ነው የሚገምተው፤ ገምቶም ዝም አይል፣ «የሕልም እንቅልፍ፣ 1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ» ብሎ ደቂቃውን ሳይቀር ይጽፈዋል።

ግምቱ የት እንደሚያደርስ ያየሁት ስብሰባ ላይ ነው። የግማሽ ዓመት የዕቅድ አፈጻጸም ነበር። ሰብሳቢው ስላይዱን ፊደል በፊደል እያነበበልን፣ እኔ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ፣ ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ተክዬ ተቀምጫለሁ። ማታ መተግበሪያውን ስከፍት ከሰዓት በኋላ ላይ አንድ ሰማያዊ መስመር ተጋድሟል፤ «እንቅልፍ» ይላል። አልተኛሁም! ማስረጃ አለኝ፤ ያን ቀን የተባለውን አፈጻጸም ዛሬም በመቶኛ ልነግራችሁ እችላለሁ። ከእነዚህ መሣሪያዎች መካከል የታወቀው ፊትቢት በመመሪያው ላይ፣ ሰውነት አርፎ ለአንድ ሰዓት ያህል ካልተንቀሳቀሰ ተኝቷል ብሎ እንደሚመዘግብ በግልጽ አስቀምጧል። በዚህ ደንብ ከሄድን ያ አዳራሽ በሙሉ መኝታ ቤት ነበር። ለባልደረባዬ ባሳየው ግን ለሰዓቱ ወገነ። «አንተ አልተኛህም፤ ስብሰባው ነው የተኛው። እሱን ነው የመዘገበው» አለኝ።

ሐሜት እንዳይመስል፣ ነገሩ ተመዝኖም የታየ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጤና ምርምር ማዕከል ሰዎች በ2021 ባሳተሙት ጥናት ሰባት የእንቅልፍ መከታተያዎችን፣ አንዳንዱ እጅ ላይ የሚታሰር፣ አንዳንዱ አልጋ ዘንድ የሚቀመጥ፣ በ34 ጤነኛ ወጣቶች ላይ ከላቦራቶሪ ምርመራ ጋር አስተያይተዋል። ሰዎቹ በተኙበት ሰዓት «ተኝተዋል» በማለት ሁሉም ጎበዞች ናቸው፤ ከመቶው 93ና ከዚያ በላይ አግኝተዋል። ሰዎቹ ነቅተው በተጋደሙበት ሰዓት «ነቅተዋል» በማለት ግን ያገኙት እንደየመሣሪያው ከ18 እስከ 54 ነው። በተረበሸ ሌሊት ደግሞ ስሕተታቸው ይብሳል።

93 ሲሉት ትልቅ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ጤነኛ ሰው አልጋ ላይ ከሚያሳልፈው ጊዜ አብዛኛው፣ ወደ ዘጠኝ አሥረኛው የሚጠጋው፣ እንቅልፍ ነው። እንዲህ ባለ ሌሊት ላይ «ተኝቷል፣ ተኝቷል» እያሉ ማንጋት በጥር ወር አዲስ አበባ ላይ «ዛሬ አይዘንብም» እያሉ በየቀኑ እንደ መተንበይ ነው። ነቢይ ያሰኛል፤ ጃንጥላ ለሚያስፈልገው ሰው ግን አይረባም።

ጃንጥላ የሚያስፈልገው ደግሞ መገላበጥ ሰልችቶት፣ ጣራ ጣራ እያየ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ኪራይ እየደመረ የሚያነጋው ሰው ነው። እሱ አይንቀሳቀስም። ቢንቀሳቀስ አጠገቡ ያለውን ሰው ይቀሰቅሳል፤ የተቀሰቀሰው ሰው ደግሞ «ምን ሆንክ?» ይላል፤ ያን ጊዜ ስለ ኪራዩ መናገር ሊመጣ ነው። ስለዚህ ትንፋሹን ቀንሶ ይጋደማል። ልቡም አትሮጥም፤ መደመርና መቀነስ ልብ አያስሮጥም። በኔ ሌሊት ውስጥ «ጥልቅ» ተብሎ በጥቁር ሰማያዊ የተቀባው ክፍል አከራያችን የጨመሩትን ኪራይ በአሥራ ሁለት ወር ያባዛሁበት ሰዓት ነው። መሣሪያው የሚያስተው የሚፈልገውን ሰው ነው። ድብን ብሎ ለሚተኛው ሰው ጥሩ አድርጎ ይሠራል፤ ያ ሰው ግን እንዲህ ያለ ሰዓት አይገዛም፣ ለምን ብሎ!

አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል። ሰዓቱ አውቆ የተኛውን ከተኛው መለየት አለመለየቱን ለማየት ከሰፈራችን ጥበቃ የተሻለ ሰው አላገኘሁም። አባባ የቀድሞው ሠራዊት ወታደር ናቸው። ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩ አጠገብ ካለችው የቆርቆሮ ጎጆ ደጃፍ ወንበራቸውን ያወጣሉ፤ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል ተክለው፣ ትንሿን ሬዲዮ ጆሯቸው ሥር አድርገው ይቀመጣሉ። ይህ አቀማመጥ እስኪነጋ ንቅንቅ አይልም። ተኝተው ነው ወይስ ነቅተው የሚለው ጉዳይ የሰፈሩን ኮሚቴ ለሁለት ከፍሎታል፤ የደመወዝ ጭማሪ በተነሣ ቁጥር አብሮ ይነሣል።

«አባባ፣ እስቲ ዛሬ ይቺን ሰዓት አስረው ይደሩ» አልኳቸው።

«ምን ትሠራለች?»

«እንቅልፍ ትቆጥራለች።»

«እንግዲያማ ሥራ ፈታ ታድራለች» አሉና ክንዳቸውን ዘረጉልኝ።

ጠዋት ተቀብዬ አየኋት። እንቅልፍ፣ 6 ሰዓት ከ50 ደቂቃ። ነጥብ፣ 88። እኔ ፍራሽ ላይ ተኝቼ ያላገኘሁትን እሳቸው ወንበር ላይ አግኝተዋል።

«አባባ፣ ሰዓቷ ተኝተዋል እያለች ነው።»

«ማን? እኔ?» አልተቆጡም። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ሪፖርት ያቀርቡ ጀመር። «ስድስት ሰዓት ላይ የዶክተሩ ልጅ በላዳ መጣ። ጠጥቷል፤ ሒሳቡ ላይ ከሹፌሩ ጋር ተጨቃጨቀ፤ በሩን በገመድ ሳብኩለት፣ ገባ። ሰባት ተኩል ላይ ከወንዙ ማዶ ጅብ ጮኸ፣ ውሾቹ መለሱለት። ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንተ ቤት የመጸዳጃ ቤቱ መብራት በራ። ሁለት ጊዜ።»

ሁለቱም ጊዜ እኔ ነበርኩ። ሰዓቴ አንድም ሌሊት ይህን ያህል ዝርዝር አቅርቦልኝ አያውቅም።

«ታዲያ ለምን ተኝተዋል አለች?»

«አልተንቀሳቀስኩማ! ጥበቃ ከተንቀሳቀሰ እኮ ሌባው ያየዋል።»

ለአባባ የሚመሰክሩ ዳክዬዎች አሉ። ኒልስ ራተንቦርግና ባልደረቦቹ በ1999 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ እንዳሳዩት፣ በረድፍ ከሚተኙ ዳክዬዎች ዳር ዳር ያሉት አንድ ዓይናቸውን፣ ያውም ወደ ውጭ የዞረውን፣ ገልጠው ግማሽ አንጎላቸውን ሲያስተኙ በግማሹ ይጠብቃሉ። ሰው ይህን ያህል አይችልም። ቢሆንም በ2016 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰው በባዕድ ቤት የመጀመሪያውን ሌሊት ሲያድር የግራው የአንጎል ክፍሉ ከቀኙ ይልቅ ቀለል ብሎ እንደሚተኛ፣ ለድምፅም ፈጥኖ እንደሚነቃ አግኝተዋል። ይህን ለአባባ ስነግራቸው አልደነቃቸውም። «ግራው ተረኛ ነዋ» አሉ።

ታዲያ ዋናው ዳኛ ማን ነው? ፖሊሶምኖግራፊ የሚባለው ምርመራ ነው። ራስ ቅል ላይ፣ ዓይን አጠገብ፣ አገጭ ላይ፣ ደረት ላይ፣ እግር ላይ ሽቦ ይለጠፋል። አፍንጫ ሥር የትንፋሽ መለኪያ፣ ጣት ላይ የኦክስጅን መለኪያ፣ ደረትና ሆድ ላይ ቀበቶ ይታሰራል። ከግድግዳው ማዶ ባለሙያ በካሜራ እያየ ያድራል። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ነው እንግዲህ እንደ ቤትህ ተኛ የሚባለው። ሰው በእንዲህ ዓይነቱ ቦታ የመጀመሪያውን ሌሊት ደህና አድርጎ እንደማይተኛ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በጥናት ይታወቃል፤ ለቅሶ ቤት ፍራሽ ላይ አድሮ የሚያውቅ ሰው ግን ጥናቱን አይጠብቅም። የተቀዳውን ሌሊት ባለሙያዎች በሠላሳ ሠላሳ ሴኮንድ ከፋፍለው፣ የስምንት ሰዓት እንቅልፍ ከሆነ 960 ቁራጭ አድርገው፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ ይሰጡታል። ያንኑ ሌሊት ለሁለት ባለሙያ ለየብቻ ብትሰጡ ከአምስቱ ቁራጭ በአራቱ ገደማ ይስማማሉ፤ በቀረው አንዱ ይለያያሉ። ዳኛው ራሱ ከዳኛው ጋር እንዲህ ከሆነ ሰዓቱ ላይ ብቻ መጮኽ ደግ አይደለም።

ራሳችንን ምስክር እናድርግ ካልንም ጉድ አለ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሁለት ሰዓቱን ዜና እስከ ስፖርቱ አይቶት አያውቅም። አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቃል፣ ሪሞቱ ከእጁ ይንሸራተታል። ጣቢያውን ለመቀየር እጃችን ወደ ሪሞቱ ሲደርስ ግን፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ተዉት! እየሰማሁ ነው!» ይላል። ከልቡ ነበር የሚናገረው። ከቀላል እንቅልፍ የተቀሰቀሰ ሰው አልተኛሁም ብሎ መማሉ የታወቀ ነገር ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ዓይናቸውን እንዳልከደኑ የሚናገሩ፣ ላቦራቶሪ ገብተው ሲታዩ ግን ሰዓታት ተኝተው የሚገኙ ታካሚዎች አሉ። ውሸታም አይደሉም፤ ከሌሊቱ የሚያስታውሱት የነቁበትን ነው፣ የተኙበትን በምን ያስታውሱታል? የኔ ኪራይ በአሥራ ሁለት ለመባዛት አንድ ሙሉ ሰዓት እንደማይፈጅ አውቃለሁ። በመሐሉ የት ሄጄ እንደነበር ሰዓቱም እኔም አጥጋቢ መልስ የለንም።

ቁጥሩ ከተነገረ በኋላ የሚሆነው ደግሞ የባሰ ነው። በ2014 ክሪስቲና ድራጋኒችና ክሪስቲ ኤርዳል የተባሉ የኮሎራዶ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ሰብስበው፣ ያለፈውን ሌሊት እንቅልፍ የሚለካ አዲስ ዘዴ አለን ብለው መሣሪያ ገጠሙላቸው። ከዚያ ለአንዳንዶቹ የሕልም እንቅልፋችሁ 28.7 በመቶ ነበር፣ ግሩም ነው አሏቸው፤ ለሌሎቹ 16.2 በመቶ ነበር፣ አነስተኛ ነው አሏቸው። ሁለቱም ቁጥር የተፈጠረ ነው። ፈተና ሲሰጣቸው ግን ደህና ተኝታችኋል የተባሉት የተሻለ ሠሩ፤ አልተኛችሁም የተባሉት እንዳልተኛ ሰው ሆኑ። እኔም ይህን በጫማ ማሰሪያዬ አረጋግጫለሁ። ቀለል ብሎኝ እነሣለሁ፤ ፊቴን ስታጠብ እንኳ ዜማ ቢጤ ያምረኛል፤ ከዚያ ነጥቡን አያለሁ። 61። አንደኛውን ጫማ አስሬ ወደ ሁለተኛው ሳልደርስ ደክሞኝ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ።

አሜሪካ ውስጥ ይህ የሐኪም ጉዳይ እስከ መሆን ደርሷል። ኬሊ ግሌዘር ባሮንና ባልደረቦቿ በ2017 በጻፉት ጽሑፍ፣ የመሣሪያውን ነጥብ ለማሳመር ሲሉ አልጋ ላይ የሚቆዩበትን ሰዓት የሚያስረዝሙ፣ በዚያው እንቅልፋቸው የሚብስባቸው ሰዎች ወደ ክሊኒክ መምጣት እንደጀመሩ ገልጸዋል። ላቦራቶሪው እንቅልፏ ደህና ነው ሲላት፣ እጇ ላይ ያለው መሣሪያ ግን ሌላ ይላል ብላ የተከራከረችም አለች። ሽቦ ሁሉ ተለጥፎባት ያደረችውን ሌሊት ትታ የእጇን አመነች። አልፈርድባትም፤ ላቦራቶሪው አንድ ሌሊት ነው ያወቃት፣ ያኛው በየጠዋቱ ነው የሚያናግራት።

ለኛ ደግሞ የቆዳ ነገር ይጨመራል። ቆዳ የሚያጠቁረው ሜላኒን ብርሃን ስለሚመጥጥ፣ በብርሃን የሚሠራ መለኪያ ሁሉ በኛ ላይ እንዴት ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ2020 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን ላይ የወጣ ጥናት ሆስፒታል ውስጥ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ የተደበቀ የኦክስጅን እጥረትን ሳያይ የሚያልፈው በጥቁር ታካሚዎች ላይ ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን መሆኑን አሳይቷል። የልብ ምትን በተመለከተ ግን በዚያው ዓመት የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእጅ ሰዓቶቹ ላይ በቆዳ ቀለም ምክንያት የመጣ ጉልህ ልዩነት አላገኙም፤ ይልቅ እንቅስቃሴ ነው የሚያሳስታቸው። ንቅሳት ሌላ ነው፤ የብርሃኑን መንገድ ሊጋርድ እንደሚችል አፕል ራሱ ለደንበኞቹ ያስጠነቅቃል። እናቴ በልጅነቷ አንጓዋ ላይ የተነቀሰችው መስቀል አለ። ሰዓቱን ላስርላት ብል መጀመሪያ የምትለውን አውቀዋለሁ፤ «መስቀል የሚፈራ ምን ዓይነት ሰዓት ነው?»

ምክሩስ? መተግበሪያው ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ በተደጋጋሚ እንደምነቃ ደርሶበታል፤ ይህን በትክክል ነው ያገኘው። «የመኝታ ክፍልህን ጸጥታ አሻሽል» ይለኛል። በግራ ኪዳን፣ በቀኝ አዛን፣ ሁለቱም በድምፅ ማጉያ፣ ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት አውራ ዶሮ ያለ ድምፅ ማጉያ። ከየትኛው ልጀምር? ስለ ቡናም ይጠይቃል፤ በቀን ስንት ኩባያ እንደጠጣሁ ሙላ ይላል። ሲኒ አያውቅም። አቦሉን አንድ ብዬ፣ ቶናውን ግማሽ ብዬ፣ በረካው ላይ ስደርስ ቅጹን እዘጋዋለሁ። ካፌይን ከጠጡት በኋላ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ወደ አምስት ሰዓት ገደማ እንደሚፈጅ ነግሮኛል፤ ይህ እውነት ነው፤ የማታውን ቡና ለሚያፈሉት ለጎረቤታችን እትዬ መንገር ግን የኔ ፋንታ ሆኗል፤ እሱ አይደፍራቸውም።

ሙልጭ አድርጌ ግን አልሰድበውም። ስንት ሰዓት ላይ ጋደም እንዳልኩ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደተነሣሁ፣ የሥራ ቀንና ቅዳሜ እሑድ ምን ያህል እንደሚለያዩ ሳምንታት አጠራቅሞ ሲያሳይ አያሳፍርም። አንድ ሌሊትን ለብቻው መዝኖ ስለ ጥልቅና ቀላል እንቅልፍ ሲተነትን ነው ማመን የሚያዳግተው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚም በ2018 በሰጠው መግለጫ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ለበሽታ ምርመራ ብቻቸውን የሚበቁ አለመሆናቸውን ተናግሯል። ከዚያ ወዲህ አንዳንዶቹ ጠባብ ፈቃድ አግኝተዋል፤ በ2024 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የሳምሰንግና የአፕል ሰዓቶች በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ እየተቆራረጠ ሊሆን ይችላል ብለው ባለቤቱን እንዲያስጠነቅቁ ፈቅዷል። ያም ሐኪም ዘንድ ሂድ ለማለት ነው እንጂ ሐኪም ለመሆን አይደለም።

ሐኪሞች ስለ ማንኮራፋትና ስለ ትንፋሽ መቆራረጥ ሲጠይቁ ግን ዛሬም መስማት የሚወዱት አብሮ የሚተኛውን ሰው ነው። በኔ በኩል ይህ ምስክር ባለቤቴ ናት። የእሷ ሪፖርት ቀለምም ደረጃም የለውም፤ «ስታንኮራፋ አነጋህ፣ እኔም ዓይኔን ሳልከድን አደርኩ» የሚል ነው፣ ለዓመታት አልተለወጠም። አንድ ማታ ሰዓቱን ለእሷ አሰርኩላት።

ጠዋት ስልኬን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ። «91 አግኝተሻል» አልኳት። «በቤታችን ታሪክ ከፍተኛው ነው።»

ቂጣውን ገለበጠች። «የምኑ 91?»

«የእንቅልፍ። ጥልቅ እንቅልፍሽ ብቻ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው።»

«ጣራ ሳይ ነው ያደርኩት! ብገላበጥ ትነቃለህ ብዬ፣ አዝኜልህ፣ ትንፋሼን ውጬ!»

የባሕር ኃይሉን ጥናት ልጠቅስላት ነበር፤ ከ18 እስከ 54 የሚለው ቁጥር ሙሉ በሙሉ ለእሷ ነው የሚመሰክረው። ከአፌ ቀድሞ የወጣው ግን «ሰዓቱ እኮ…» የሚለው ነው።

አሁን የምተኛው ሳሎን፣ ሶፋው ላይ ነው። ነጥቤ 84 ደርሷል።